የሠራተኛው ማኅበር ጽዋ

ማኅበር ሊቋቋም ነው የሚለውን ወሬ ወንዝ ድረስ ይዞልን የወረደው አህያ ነጂው ነው። እኛ የሱፍ ቤቱ አጣቢዎች ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታችን ቆመን፣ ከበግ ላይ የተሸለተውን ጠጉር ከነጭቃው ከነበጠጡ እያሸን እናጥባለን። እሱ ጭነቱን እያራገፈ፣ «ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት ሁላችሁም ግቢ ትፈለጋላችሁ፤ የሱፍ ቤት ሰው ማኅበር ሊገባ ነው» አለን።

«የማን ማኅበር?» አልኩት።

«የሠራተኛ።»

«ሠራተኛ የሚባል ጻድቅ አለ እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ነው ያለው።»

ከጎኔ የቆመችው እታገኝ ወገቧን ቀና አድርጋ፣ «አሥራ ሁለት ከሆነማ ሚካኤል ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» አለች። ነገሩ እዚያው አለቀ። ለእኛ ለሞላሌ ሰዎች ማኅበር ማለት አንድ ነው። በወር በወሩ በጻድቅ ወይ በመልአክ ስም ይሰበሰባሉ፣ ጠላ በጽዋ ይጠጣል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የሞተ ይታሰባል፣ የተጣላ ይታረቃል። ሲያበቃ ባለተራው ጽዋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ የሚቀጥለውን ወር እሱ ይደግሳል። ሱፍ ቤቱ የመንግሥት ነው። በደርግ ጊዜም የሠራተኛ ማኅበር ነበረው አሉ፤ ከደርግ ጋር አብሮ ፈርሶ ቀረ። ያኔ እኔ አልነበርኩም። ሌላ ዓይነት ማኅበር መኖሩን ማን ነግሮኝ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ከአጣቢዎቹ ገብስ አሰባሰብኩና ጠላ ጠመቅሁ። እታገኝ ድፎ ደፋች። እናቴ የነበረችበት ማኅበር ሰዎቹ አልቀው የተቋረጠ ስለሆነ ጽዋው ከነልብሱ እኔ ቤት ተሰቅሎ ነበር፤ አወረድኩት፣ አጠብኩት፣ በነጭ ሻሽ ሸፈንኩት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጽዋውን እኔ ይዤ፣ ዳቦውን እታገኝ ተሸክማ፣ ሌሎቹ ከኋላ እልል እያሉ ግቢ ገባን።

ግቢው ውስጥ ሰው በአግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ከአዲስ አበባ ከሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን የመጣው ሰው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ይናገር ነበር። እኛን ሲያይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ በኋላ።

«ጽዋ ነዋ። ማኅበር አይደል ያላችሁት?» አልኩት።

ግቢው ሳቅ ሆነ። ሸማኔዎቹ ሆዳቸውን ያዙ። ቀለም ነካሪው ታዲዮስ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው፤ ምንጊዜም እንደዚያው ነው፤ ያን እጁን እያወዛወዘ፣ «እት ደብሪቱ፣ ይሄ እኮ ደመወዝ የሚያስጨምር ማኅበር ነው፤ ነፍስ የሚያስምር አይደለም» አለኝ።

«ሚካኤል ያልቻለውን አንተ ልታስጨምር ነው?» አልኩት። አልኩት እንጂ ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ጽዋዬን ይዤ ዞር አልኩ።

«ቆይ» አለች ጌታነሽ።

ጌታነሽ ፈታይ ናት። ከፈትል ቤቱ ሴቶች ሁሉ ትንሽዋ፣ ቀጭንዋ፣ አፏን ገጥማ የምትውል ሴት። እኛ ከመምጣታችን በፊት ሊቀመንበር ብለው መርጠዋታል። ከአግዳሚው ተነሥታ መጣችና የዳቦውን አንድ ወገን ከእታገኝ ተቀበለች።

«የመጣ ጽዋ አይመለስም። ማኅበር ብለን ጠርተናል፣ እነሱም ማኅበር ብለው መጥተዋል። አባ፣ ይባርኩልን።»

አባ ወልደ ጻድቅ የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ ቄስም ናቸው። ዱላቸውን ከግንቡ አስደግፈው ከካፖርታቸው ውስጥ መስቀላቸውን አወጡ። አቡነ ዘበሰማያት ተባለ። የፌዴሬሽኑ ሰው ራሱ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ያመጣሁት እኔ ነኝና መጀመሪያ ለኔ ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጁ አቶ በዕውቀቱ እልልታ ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ማን ሞተ፣ ማን ተዳረ ብሎ ነው መሰለኝ። አባ ጽዋውን ከኔ ተቀብለው በቀጥታ ወደ እሱ ዘረጉ። የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ጽዋ ያውቃል። ትንሽ አመነታና ጠጣ።

«ጽዋ የቀመሰ ማኅበርተኛ ነው። እንግዲህ ተራው ይደርስዎታል» አሉት አባ።

«ይድረሰኝ» አለ እየሳቀ።

የፌዴሬሽኑ ሰው ተጨንቆ፣ «ሥራ አስኪያጅ እኮ የሠራተኛ ማኅበር አባል አይሆንም። ሕጉ አይፈቅድም» አለ።

«ሕጉ የጠጣውን አያስተፋውም» አለችው ጌታነሽ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአሥራ ሁለት ጽዋው ከፈታይ ቤት ወደ አጣቢ ቤት፣ ከአጣቢ ቤት ወደ ሸማኔ ቤት ሲዞር ኖረ። ጌታነሽን ሊቀመንበር የሚላት የለም፤ እንደ ጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ ነው የምንላት። ቋሚዎቹ ሠራተኞች ለሠራተኛ ማኅበሩ የሚያዋጡት ከደመወዛቸው ላይ ይቆረጣል። እኛም ይቆረጥብን ብለን ጠይቀን ነበር። ገንዘብ ቤቱ «ጊዜያዊ ላይ አልቆርጥም» አለ። እሺ ብለን በገብስና በዳቦ አዋጣን፤ ማን ከማን ያንሳል።

ስለ ጊዜያዊነቱ ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል፤ በድፍርስ ውሃ ጠጉር አይታጠብም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ያሰናብቱናል፣ ውሃው ሲጠራ መስቀልን አውለው ይጠሩናል። እንዲህ እየተሰናበትን እየተጠራን ጠጉራችን ሸበተ። የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት የወንዙ ዳር ብርጭቆ ይመስላል፤ እሱን በእግራችን ሰብረን እንገባለን። እጅ ይሰነጠቃል፤ ማታ ቅቤ ብትቀቢው ጠዋት ሱፉ ይመጠዋል። ይሄ ሁሉ ግድ የለም፤ ሥራ ነው። ግድ ያለኝ ሌላ ነው። ጉልበቴ ከውሃ የሚያወጣኝ ቀን እየቀረበ ነበር። ቋሚ ሆኖ የወጣ ጡረታ አለው። ጊዜያዊ ሆኖ የወጣ እንደ ገባ ይወጣል፤ እግሩን ጠርጎ።

ድርድር የሚባለው ነገር የመጣው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። የኅብረት ስምምነት ይሉታል፤ ማኅበሩና ድርጅቱ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ የሚፈራረሙት ውል ነው፤ አንዴ ከተፈረመ ሦስት ዓመት አይነካም። በእኛ ወገን ጌታነሽ፣ ታዲዮስና ሸማኔው ይታየው ገቡ። በዚያ ወገን አቶ በዕውቀቱ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀመጠ። መስከረም አለቀ፣ ጥቅምት ገባ፣ እነሱ ይገባሉ ይወጣሉ። እርከን ይጨመራል ተባለ ሲሉ እታገኝ ሰምታ፣ «መሬት ሊሰጡን ነው እንዴ?» አለች። ለሷ እርከን ማለት ተራራ ላይ በዘመቻ ድንጋይ የካበችው ነው። «የደመወዝ እርከን ነው አንቺ» ሲሏት፣ «እሱንም ሳንክበው አይቀርም» አለች።

አንድ ቀን ጌታነሽ ብቻዋን ወደ ወንዙ ስትወርድ አየናት። ዳር ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና ወደ ውሃው ገባች።

«እዚያው ሆነሽ ንገሪን፤ ውርጭ ነው» አልኳት።

«እናንተስ ቆማችሁ የለም?» አለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ጭማሪ ተፈቅዷል። ለቋሚዎቹ ነው። እናንተ የላችሁበትም።»

እታገኝ የያዘችው ጠጉር ከእጇ ወጥቶ ውሃው ይዞት ሄደ።

«ምን አድርገን?» አልኩ።

«የወቅት ሠራተኞች ናቸው ይላል አቶ በዕውቀቱ። መዋጮ ያልተቆረጠበት አባል አይደለም፣ እኔ የምደራደረው ስለ አባል ነው ይላል።»

«ቁረጡልን ስንል አልቆርጥም ያለው ማን ሆነና?»

«አውቃለሁ። ብዬዋለሁም።»

«ሌሎቹስ ምን ይላሉ?»

«እንፈርም ይላሉ።» ቀሚሷን እንደገና ሰበሰበችና፣ «ሌላም አለ። ከሌላ ከምትሰሙት ከኔ ስሙት። ለብቻዬ ጠርቶ የፈትል ቤቱን ካቦነት ልስጥሽ ብሎኛል፤ ነገሩ ቶሎ ካለቀ» አለች።

«አንቺ ምን አልሽው?»

«ቆይ አልኩት።»

«ቆይ ማለት ምንድነው? እሺ ነው ወይስ እንቢ?»

«ቆይ ማለት ቆይ ነው፣ ደብሪቱ።»

ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። እኔ የምለውን ያኔውኑ የምናገር ሰው ነኝ፤ የሷ ዝምታ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። በኋላ ግን አሰብኩት። ካቦነቱን ማንም አልሰማም ነበር። ደብቃ መፈረምም ደብቃ እንቢ ማለትም ትችል ነበር። ውሃ ውስጥ ገብታ ነገረችን። ከዚያ ወጥታ እግሯን በነጠላዋ አድርቃ ወደ ፈትሏ ሄደች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሱፍ መጋዘኑ ውስጥ ስብሰባ ሆነ። እኛም ሄድን፤ ውጡ ያለን የለም፣ ተቀመጡ ያለንም የለም። ታዲዮስ ተነሥቶ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጀመረው ቤት ቆርቆሮ ይጠብቃል፣ ክረምቱን በሸራ ነው ያሳለፉት።

«ወገኖቼ፣ ያላገኘነውን ስንጠብቅ ያገኘነውን ልናጣ ነው» አለ። «ድርጅቱ ለግል ሊሸጥ ነው የሚል ወሬም አለ። የሚገዛው ሰው ምን እንደሚያደርገን ማን ያውቃል። ዛሬ እንፈርም። አጣቢዎቹን በሚቀጥለው ውል እናነሣቸዋለን።»

«ሦስት ዓመት ውሃ ውስጥ ቁማችሁ ጠብቁን ነው?» አልኩት።

«እት ደብሪቱ፣ እኔ እናንተን ጠልቼ አይደለም።»

«ከጽዋው አብረኸን ጠጥተሃል።»

ይታየው ከዳር ሆኖ፣ «ጽዋ ሌላ፣ ውል ሌላ። አታደባልቂው» አለ።

ይሄን ጊዜ ጌታነሽ ተነሣች። «እኔ ያለ አጣቢዎቹ አልፈርምም» አለች። «ሌላ የሚፈርም ሙሴ ካላችሁ ምረጡ። አሁን ምረጡ፤ አልቀየምም።»

እጅ የሚያነሣ ጠፋ። የሚፈርምም ጠፋ። ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈታዮቹ እኛን ሲያዩ መንገድ ይለውጡ ጀመር። እሷን ደግሞ በሥራ ሰዓት የሚያናግራት ጠፋ። የካቦነቱ ወሬ ወጥቶ ኖሮ፣ «ዋጋ ለማስጨመር ነው የምትገትረው» የሚል አልታጣም። መልስ አልሰጠችም። እንዝርቷን ታሾራለች።

እኔ ግን መልስ ነበረኝ። የጥቅምትን ጽዋ ከእታገኝ የተረከብኩት እኔ ነበርኩ፤ የኅዳር ሚካኤል የኔ ተራ ነው። ጠላውን ጠመቅሁ፣ ስንዴውን አስፈጨሁ። ከዚያ፣ ጽዋ ሌላ ውል ሌላ ከሆነ ጽዋው ከቤቴ አይወጣም አልኩ። ቂም ይዞ ጽዋ አይነካም፤ ይሄን የተማረም ያልተማረም ያውቀዋል። ሚካኤል መጣ። ቤቴን ዘግቼ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ።

ማታውን አባ ወልደ ጻድቅ መጡ።

«ደብሪቱ፣ የመልአክ ጽዋ አይቋረጥም ልጄ። ቁጣ ያመጣል።»

«አባ፣ ተጣልተን ብንጠጣውስ ምን ያመጣል?»

«እሱም ቁጣ ያመጣል።»

«እንግዲያው አስታርቁን። ጠላዬ ይኮመጥጣል እንጂ አላወጣውም።»

«አንቺ ሴት፣ እናትሽም እንዲሁ ነበረች» ብለው ተነሡ። መቀመጫ እንኳን አላሞቁም።

በማግስቱ ጠዋት ጌታነሽ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«ጽዋውን ስጪኝ።»

«ለምንሽ?»

«ባለተራው ጋ ልወስደው።»

«ባለተራዋ እኔ ነኝ፤ አላወጣም ብያለሁ።»

«ካንቺ የሚቀጥለው ማነው?»

አሰብኩ። ተራ የሚሄደው መጀመሪያ በጠጣንበት ቅደም ተከተል እንዲሆን ተብሎ ነበር፤ እሱም ቢሆን አንዱ እየታመመ፣ አንዱ እያረገዘች ተምታቶ ተምታቶ ነው እኔ ጋ የደረሰው። ከኔ በኋላ የጠጣው ማን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። ጽዋውን ከነልብሱ ሰጠኋት፤ «እኔም እመጣለሁ» አልኳት። «ነይ፣ ምስክር ትሆኛለሽ» አለች።

ቢሮው ውስጥ ታዲዮስና ይታየው ቀድመው ተቀምጠዋል፤ የሒሳብ ሹሙም አለ። አቶ በዕውቀቱ ቀና ብሎ፣ «ወይዘሮ ጌታነሽ፣ እንፈራረማለን ብዬ ነው የጠበቅሁት» አለ። ጌታነሽ ጽዋውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። ነጩ ሻሽ ከወረቀቱ ላይ ተዘረጋ። እኔ በር ላይ ቆምኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ተራዎ ነው።»

«ይሄ እኮ የሥራ ስብሰባ ነው።»

«ለሥራ ነው ያመጣሁት። አቶ በዕውቀቱ፣ ያን ዕለት ግቢ ውስጥ ይህን ጽዋ ሲጠጡ ከማን ቀጥለው ጠጡ?»

ዞር ብሎ አየኝ። «ከሷ» አለ።

«እሷ ማናት?»

«አጣቢ ናት።»

«እሷ አባል አይደለችም ይላሉ። እሷ አባል ካልሆነች ያመጣችው ጽዋ ጽዋ አይደለም። ጽዋው ጽዋ ካልሆነ ያን ቀን የገባነው ማኅበር የለም። ማኅበር ከሌለ እኔም ሙሴ አይደለሁም። ታዲያ እስካሁን ከማን ጋር ሲደራደሩ ከረሙ?»

የሒሳብ ሹሙ ሳቅ አመለጠው። አቶ በዕውቀቱ አልሳቀም። የሻሹን ጫፍ በጣቱ ያዝ አድርጎ ብዙ ቆየ። ይናደዳል ብዬ ነበር። የሰው ልጅ ነው እንግዲህ።

«አባቴ በሕይወት ሳሉ የጽዋ ተራህን ዘለልክ ከሚሉኝ ስሰርቅ ቢይዙኝ ይሻላቸው ነበር» አለ። ከዚያ ቀና አለ። «አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ከላይ የተፈቀደልኝ ገንዘብ ይኸው ነው። ተለክቶ የመጣ ነው፤ አንዲት ሳንቲም የምጨምርበት ሥልጣን የለኝም። ስንት ሰው ይካፈለዋል የሚለውን ግን የምንጽፈው እኛ ነን። አጣቢዎቹ ይግቡ፣ ቋሚም ይባሉ ካላችሁ ከእናንተው ጭማሪ ላይ ነው። ቋሚዎቹ ይስማሙ፤ እኔ እጽፋለሁ። ከላይ ላሉትም መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።»

ይታየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ከኔ አፍ ላይ ነው የምትቆርሱት?»

«ከኔም» አለች ጌታነሽ። ወደ አቶ በዕውቀቱ ዞረች። «ካቦነቱን ደግሞ ለሚሆን ሰው ይስጡት። ቆይ ያልኩዎት በሰው ፊት ልመልስልዎት ብዬ ነበር።»

የነቢያት ጾም ሳይገባ ጽዋው እንዲጠጣ ተባለና በዚያው ማታ ሰው ግቢ ተሰበሰበ። ጠላዬን በእንስራ አስመጣሁ። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ግን አፋቸውን አልከፈቱም።

«ቂም ያለበት አለ። ቂሙ ሳይወጣ አልጀምርም» አሉ።

ጌታነሽ ለሰዉ በሁለት ቃል ተናገረች፦ ገንዘቡ ያው ነው፤ አጣቢዎቹ ከገቡ የሁላችንም ጭማሪ ያንሳል። ሌላ ምንም አልጨመረችም። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። እኔ ብሆን ኖሮ እስኪነጋ እናገር ነበር። እሷ ሰዎቹን አምና ዝም አለች፤ ያን ዝምታዋን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

ሁሉም ታዲዮስን ያየዋል፤ እንፈርም ብሎ የተነሣው እሱ ነዋ። እሱ ደግሞ ሰማያዊ እጁን ያያል።

«ሚስቴ ቆርቆሮው መቼ ነው ስትለኝ ምን እላታለሁ?» አለ በኋላ፤ ማንን እንደጠየቀ አይታወቅም።

«ማኅበር ገባሁ በላት» አለችው እታገኝ። «እሷም ብትሆን ሸራው ውስጥ የምትለብሰውን የሱፍ ባና እኛ አጥበንላታል።»

አንዳንዱ ሳቀ። ታዲዮስም ፈገግ አለ፣ ሳይወድ። ወደ ጠረጴዛው መጥቶ ቢላውን አነሣ።

«ቅባቱ በደንብ ያልወጣ ሱፍ ቀለም አይቀበልም» አለ። «ያለ እነዚህ ሴቶች እኔ ውሃ ቀቃይ ነኝ። ይሄን ሁሌም አውቃለሁ። ቆርቆሮው ነው አፌን የዘጋኝ።» ዳቦውን በቢላው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። «ስንት ነን?»

«ቁጠር» አለችው ጌታነሽ።

በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። እኛ ጋ ሲደርስ ጣቱ አልቆመም፤ እታገኝን፣ እኔን፣ ሌሎቹን እየቆጠረ ሄደና በአቶ በዕውቀቱ ጨረሰ። ከዚያ ቆረሰ። ድፎው ትልቅ ነበር፤ ሰዉ ግን ብዙ ነው። ለመጀመሪያው ሰው የሰጠውን ቁራሽ ከፍ አድርጎ አሳየን።

«አነሰ» አለ።

«አዎ፣ አነሰ» አለች ጌታነሽ። «ደረሰ ግን።»

ይታየው ድርሻውን አልወሰደም። የግቢውን በር ወርውሮ ወጣ፤ ከኔ ጋር ለአንድ ዓመት ያህል አልተነጋገረም። አልፈርድበትም፤ የማይፈልገውን ዳቦ ማን በግድ ያጎርሰዋል። የቀሩት ግን አንድ በአንድ እየመጡ ቁራሻቸውን ተቀበሉ። ቁራሹን መቀበል እሺ ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ፈታዮቹም፣ ሸማኔዎቹም፣ ሱፍ አባዛቾቹም። ልጅ ያላቸው፣ ብድር ያለባቸው፣ ጭማሪውን ቀድመው በልባቸው የበሉት ሳይቀሩ። ስለ እነዚህ ሰዎች ነው ይሄን የጻፍኩት። መጽሐፍ ላይ የሚጻፉት ብዙ የሰጡ ሰዎች ናቸው፤ እነዚህ ከትንሽ ላይ ነው የሰጡት፣ ያውም እያጉረመረሙ።

አባ አቡነ ዘበሰማያት አሉ። ጽዋው ዞረ። ሲያበቃ አቶ በዕውቀቱ ጽዋውን ተሸክሞ ወደ ተከራየበት ቤት ሲሄድ ሴቶቹ እልል አሉለት። ሚስቱ ደብረ ብርሃን ናት፤ ለታኅሣሥ የሚደገሰውን ጠላ የጠመቅንለት እኛው ነን። ጌሾውን አብዝቶ ገዝቶ ኖሮ እንደ ኮሶ መረረ፤ ጠጣነው።

ውሉ ተፈረመ። ካቦነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጌታነሽ ከዚያም በኋላ እዚያው እንዝርቷ ላይ ነበረች። የእጅ ጓንት ይሰጣቸዋል የሚለው አንቀጽ ተጽፎ ጓንቱ ግን ሳይመጣ ሌላ ክረምት አለፈ። ያን ክረምት አላሰናበቱንም፤ ጠጉር በመምረጥ፣ መጋዘን በመጥረግ አሳለፉን። ሐምሌን በደመወዝ የዋልኩት ያኔ ነው።

ከፊርማው ቀጥሎ የመጣው የደመወዝ ቀን ነው የማይረሳኝ። ገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰልፈን ተራዬ ደረሰ። ከፋዩ ብሩን አንዴ ለኔ፣ አንዴ ለራሱ እየቆጠረ፣ «ለማኅበር መዋጮ ተቆርጦብሻል» አለኝ።

«ምን ሆነብኝ?»

«ተቆረጠብሽ አልኩ እኮ። ቅር ካለሽ ለሙሴሽ ንገሪ።»

«እስቲ ድገመው።»

«ተቆርጦብሻል። ምን ሆነሻል ሴትዮ፣ ሰው ቆሟል።»

ከኋላ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ጌታነሽ ከኋላዬ ነበረች። የሰልፉን ሰው ዞር ብላ አየችና፣ «ቆዩ፤ ትስማው» አለች።